ባሌስትራ፣ የባጃጅ ጎማ እና ዋልካ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ፕሮፔለር ፅፈን ስናበቃ የደረሰን ጥያቄ ግማሹ ስለ እግር፣ ማለት አውሮፕላኑ ከነጎማው መሬት ላይ ስለሚቆምበትና ስለሚያርፍበት ክፍል ሆነ። ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ አውሮፕላን የሚሰራ ሰው ፍቅሩ ክንፉና ሞተሩ ላይ ያልቅና እግሩን በተረፈው ብረትና በተረፈችው ብር ነው የሚገጣጥመው። አብዛኞቻችሁ በ2007 ዓ.ም አስመላሽ ዘፈሩ በራሱ የሰራው አውሮፕላን፣ የኬ-570ኤ ወሬ ሲሆን «በቮልስ ሞተር ከሆነማ እኔስ» ብላችሁ የገባችሁበት ናችሁ፣ ይገባኛል፣ ሞተር ደስ ይላል፣ ያጓራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። እግር አያጓራም። ለማንኛውም ዛሬ ሙሉው ገፅ የእግር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከሰበታ ነው የምፅፍልህ። አንድ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ጀምሬ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው፣ ከነነዳጁ ከነኔ 410 ኪሎ ይሆናል፣ ክንፉ 11.5 ካሬ ሜትር ነው። ለእግሩ ከምናለሽ ተራ ሁለት የፒካፕ ባሌስትራ (ጠፍጣፋው የስፕሪንግ ብረት) ገዝቼ መሀል ላይ በብየዳ አገናኘኋቸው፣ ጎማው ባለ ሽቦ ቸርኬ የሞተር ሳይክል ጎማ ነው። ቅዳሜ ለት ሜዳ ላይ በ30 ገደማ እየነዳሁት ቀኝ እግሩ ወደ ውጪ ዝርግት አለ፣ ወርጄ ሳይ ብየዳው አጠገብ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። በያጁ «ደርቤ ልበይድልህ» ይለኛል። ይደረብ ወይስ ወፍራም ባሌስትራ ልፈልግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በያጁን ቡና ጋብዘህ ሸኘው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ብየዳው ጥሩ ስለሆነ እኮ ነው ስንጥቋ ብየዳው ላይ ሳይሆን አጠገቡ የወጣችው። ባሌስትራ ተራ ብረት አይደለም፣ ግሎ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ከዛ ደግሞ በልኩ እንደገና ሞቆ ነው ያንን ታጥፎ የመመለስ ፀባይ ያገኘው። በያጁ አንዱን ቦታ ሲያቀልጠው ዙሪያው ያለው በቶሎ ይቀዘቅዝና እንደ ጠርሙስ ይሆናል፣ ጠንካራ ነው ግን ይሰበራል፣ ትንሽ ራቅ ያለው ደግሞ ይለሰልሳል፣ ስለዚ አሁን ያለህ አንድ ባሌስትራ ሳይሆን ፀባያቸው የማይገናኝ ሶስት ብረት ነው። ያውም ብየዳውን ያደረከው መሀል ላይ፣ ጎማው ሲመታ ጉልበቱ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ። ብትደርበው ስንጥቋ ደረብ ካለው ጫፍ ትጀምራለች፣ በቃ።

ሀሳቡ ግን መጥፎ አይደለም እንዳትናደድ። ጠፍጣፋ የስፕሪንግ ብረትን እግር ማድረግ ስቲቭ ዊትማን የሚባል አሜሪካዊ የእሽቅድምድም አብራሪ ያመጣው ነገር ነው፣ የአውሮፕላን ፋብሪካው ሴስና መብቱን ገዝቶት ስንት ሺ አውሮፕላን በሱ አቁሟል። ልዩነቱ እነሱ አይበይዱትም። ብረቱን ከላይና ከታች በወፍራም የብረት ሳህን አጣብቀው በቡሎን ያስሩታል፣ አክሱሉንም ታች ላይ በቡሎን ነው የሚገጥሙት። አንተም እንደዛ አድርግ፣ እያንዳንዱን እግር ለብቻው አካሉ ላይ አጣብቀው። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቅ። ባሌስትራው መሀል የፋብሪካ ቀዳዳ አለው አይደል፣ ያ ቀዳዳ አጣብቂው ጫፍ ላይ እንዳይውል፣ ወይ ወደ ውስጥ በደንብ ይግባ ወይ ቆርጠህ ጣለው። ሁለተኛ ጠርዙን በእጅህ ዳብሰው፣ የሚቆርጥህ ጫፍ ወይ ጭረት ካለ በሞረድ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት በርዝመቱ አቅጣጫ እንጂ በወርዱ እንዳትፈትገው፣ ስንጥቅ ጭረት ትወዳለች። አሮጌ ባሌስትራ ከሆነ ደግሞ ስንት ጊዜ ደብረ ብርሃን ደርሶ እንደመጣ አታውቅም፣ የተሻለ የሚባለው ያልተነዳ አዲስ ነው።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔን የበለጠ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ምን ያደርጋል? ያጋድላል። ስለሚያጋድል ጭነቱ ሁሌም በጎማው ቁመት ነው የሚወርደው፣ ሽቦዎቹ ወደ ጎን ብዙ እንዲችሉ ተደርገው አልተሰሩም። አውሮፕላን ግን መሬት ላይ አያጋድልም፣ የጎን ንፋስ ሲኖር ትንሽ ጠመም ብለህ ታርፋለህ፣ ያኔ ጎማው በጎኑ ይገፋል። የአሜሪካ የትንንሽ አውሮፕላኖች ደንብ ክፍል 23 ለብዙ አመት ይዞት በቆየው ስሌት አንዱ ጎማ የአውሮፕላኑን ሙሉ ክብደት ግማሽ በጎን መቻል አለበት፣ ያንተ 205 ኪሎ ማለት ነው፣ በአንድ ጎማ፣ ወደ ጎን። የሞተር ሳይክል ሽቦ እንደ ጃንጥላ ነው የሚገለበጠው። ከዛ የባጃጅ ጎማ በስንት ጣዕሙ! ሳቅ እንዳይመጣብህ፣ ባጃጅ ሲታጠፍ አያጋድልም፣ ጎማው በጎን መገፋት የለመደ ነው፣ ቸርኬው ሽቦ ሳይሆን ላሜራ ነው፣ 4.00-8 የሚለው ልኩ ለትንሽ አውሮፕላን የሚሆን ልክ ነው። ኩሽኔታውን ግን አዲስ አድርገው፣ ጎማው ጎን ላይ የተፃፈውን የጭነት ልክም አንብበው።

ፍጥነቱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ፕላኑን ከውጪ ያመጣችሁ ሁሉ ስሙኝ። ፕላኑ ላይ «በ65 ያርፋል» የሚለው ባህር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። ሰበታ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ክንፍህ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በዚህ ስስ አየር ውስጥ በበለጠ ፍጥነት መሄድ አለበት። ጠዋት በብርዱ ያ 65 መሬት ላይ 73 ገደማ ይሆናል፣ ሙቀቱ 25 ሲደርስ ከሰአት ላይ 76 ይደርሳል። ሰአትህ (የፍጥነቱ ማለቴ ነው) 65 ነው የሚልህ፣ እሱም ስስ አየሩን ስለሚለካ አብሮህ ይሳሳታል፣ ጎማው ግን አይሳሳትም። ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ከሰአት ላይ ፍሬንህ ከፕላኑ ባለቤት ፍሬን ከሲሶ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ነው የሚያጠፋው። «ፍሬኔ ቶሎ ይግላል» ብላችሁ የፃፋችሁ ሶስት ሰዎች ይቺው ናት መልሳችሁ።

እና የመጨረሻው፣ አዲሱን እግር ሰርተህ ስትጨርስ ሜዳ ላይ በመሮጥ እንዳትሞክረው፣ ጣለው። አዎ ጣለው። ያ ያልኩህ የድሮው ደንብ ለመጣያው ከፍታ ቀመር ነበረው፣ ወደኛ ልኬት ስገለብጠው እንዲ ነው፣ ክብደቱን በኪሎ ለክንፉ ስፋት በካሬ ሜትር አካፍል፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ በ4.14 አባዛ፣ በሳንቲ ሜትር ይወጣል። ያንተ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ23.4 በታች አይፈቀድም ነበር፣ ከ47.5 በላይም አትገደድም ነበር። ሀያ አምስት ሳንቲ ምን አላት ትለኝ ይሆናል፣ በሰከንድ 2.2 ሜትር እየወረዱ መሬት መምታት ነው፣ ወገብህ ያውቀዋል። አውሮፕላኑን ሳይሆን እግሩን ብቻ በብረት ፍሬም ላይ እሰር፣ ፍሬሙ ላይ አሸዋ በጆንያ እየመዘንክ 410 እስኪሞላ ጫን፣ በሰንሰለት አንሳ፣ በአንዴ የሚለቅ መንጠቆ ይኑርህ። ክንፉ ስለሚያግዝ ደንቡ ክብደቱን ቀነስ እንድታደርግ ይፈቅድልህ ነበር፣ እኔ ግን ሙሉውን ጫን ነው የምልህ። ጎማዎቹ ስር ሁለት ሁለት ላሜራ ደርበህ በመሀላቸው ግራሶ ቀባ፣ እግሩ ሲዘረጋ ጎማው እንዲንሸራተት፣ ያለዛ ሲሚንቶው ይይዘውና በበረራ የማይመጣ ጭነት ይመጣብሃል።

እኔ ጓሮዬ ለገጣፎ ላይ የመጀመሪያውን የጣልኩ ለት እግሩ ምንም አልሆነም፣ እኔም ቁጭ ብዬ ሻይ አዘዝኩ። ሻዩን ይዤ ዞር ብዬ ሳይ የግራው ጎማ አናቱ ወደ ውስጥ ዘመም ብሏል፣ ጠጋ ስል አክሱሉ የቶርኖው ምላጭ ጥግ አድርጎ የቆረጠበት ቦታ ላይ እንደ ጣት ጎብጧል። ጥጉ ሰላ ያለ ስለነበር ነው፣ ክብ አድርጎ ቢያወርደው ኖሮ አይጎብጥም ነበር። ያ አክሱል እስከዛሬ በር መደገፊያዬ ነው። አንተም በ25 ካለፍክ በኋላ በ36 ድገመው፣ እዚ ላይ ቢጎብጥ ይፈቀዳል፣ ከተሰበረ ግን እንደገና።

ጥያቄ፦ ከሰንዳፋ ነው። ጎማዬ ላይ ከፋይበር የሰራሁት ሽፋን አለ፣ በጣም ያምራል፣ ፍጥነትም ይጨምራል ይባላል። ክረምት ላይ ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ሰንዳፋ እየኖርክ ይሄን ትጠይቀኛለህ? ዋልካ እኮ ነው ያላችሁ! ሰኔ ላይ ሁለት መቶ ሜትር ስትሄድ ሽፋኑ ውስጥ ጭቃው ይጠቀጠቅና ጎማው ፍሬን የተያዘ ያህል ይቆማል፣ ጅራት ጎማ (ሶስተኛው ጎማ ጅራቱ ስር ያለ) ከሆነ አፍንጫህን ትተክላለህ። ክረምቱን ፍታው። ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ጥር የካቲት ላይ ዋልካ ሲሰነጠቅ ትንሽ ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፣ ስለዚ ሰፊና ለስለስ ያለ ጎማ ይሻላል፣ ሜዳውንም ሁሌ በእግርህ ሄደህበት እየው።

ስለ ጎማ ንፋስ ካነሳን፣ ሰንዳፋ ላይ 30 ፒኤስአይ ሞልተህ በመኪና ጭነህ አዋሽ ብትወርድ፣ ሙቀቱን ተወውና፣ መለኪያው 2 ገደማ ቀንሶ ያሳይሃል። አልተነፈሰም፣ የውጪው አየር ነው የከበደው። እዛው ለካውና እዛው ሙላው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ከውጪ ያገለገለ የአውሮፕላን ቸርኬ ከነፍሬኑ ዘመድ ላከልኝ። ከስፔር ፓርት ቤት ዶት 3 የሚባለውን የመኪና ፍሬን ዘይት ገዝቼ ሞላሁት፣ ሳምንት ሳይሞላው ፍሬኑ ይዞ አልለቅ አለኝ። (ከአያት)

መልስ፦ የኔ ታሪክ ነው የነገርከኝ። የመጀመሪያዬን እንዲሁ ሞልቼ፣ ለመንደርደር ጋዝ ስሰጥ አንደኛው ጎማ ያዘና አውሮፕላኑ በአንድ እግሩ እንደሚጨፍር ሰው ዞረብኝ፣ የክንፌ ጫፍ አፈር ቀመሰ። የትንንሽ አውሮፕላኖች ፍሬን የሚሰራው በቀይ የማዕድን ዘይት ነው፣ ሚል-ኤች-5606 የሚባለው፣ ውስጡ ያለው ጎሚኒም ለሱ የተመረጠ ላስቲክ ነው። ዶት 3 ሌላ ዘር ነው፣ ያንን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፒስተኑን ወደ ኋላ አይለቀውም። የተገላቢጦሹም ያው ነው፣ የመኪና ወይ የባጃጅ ፍሬን ላይ ቀዩን ብትሞላ የሱም ጎሚኒ ያብጣል። ማጠብ ብቻ አይበቃህም፣ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀይር፣ ቱቦውን በአልኮል እጠብና በአየር አድርቀው፣ ከዛ በመሙያው ክዳን ላይ የምን ዘይት እንደሆነ በቀለም ፃፍበት፣ ምክንያቱም አንተ ሳትኖር ሊረዳህ የሚሞላ ጓደኛ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ባለ ጅራት ጎማ ነው የሰራሁት። መሬት ላይ ፈጠን ስል ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይወረወራል፣ አንዴ ከጀመረ አይመለስም። ጎማዎቹን መካኒኩ እንደ መኪና ከፊት ትንሽ ወደ ውስጥ አድርጎ ነው ያሰራቸው። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ መካኒኩ ለመኪና ልክ ነው፣ ላንተ ግን አይደለም። ወደ ግራ መዞር ጀመርክ እንበል፣ ክብደትህ የሚወድቀው ቀኝ ጎማ ላይ ነው፣ ቀኝ ጎማህ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው፣ ማለት ወደ ግራ፣ ስለዚ መዞሩን ያግዘዋል። ክብደትህም ከጎማዎቹ ኋላ ስለሆነ ሊቀድምህ ይፈልጋል። ቀጥ አድርጋቸው፣ ወደ ዜሮ። አለካኩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ አውሮፕላኑ ተንጠልጥሎ ሲለካ ቀጥ ያለው መሬት ሲነካና እግሩ ሲዘረጋ ሌላ ይሆናል። ስለዚ ነዳጅም ሰውም ተጭኖ፣ ከላይ ባልኩት ባለ ግራሶ ላሜራ ላይ ቆሞ፣ ትንሽ ካወዛወዝከው በኋላ ለካ። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መሀል ለመሀል መሬት ላይ በገመድና በጠመኔ መስመር አስምር፣ እያንዳንዱ ጎማ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፈህ ከጎማው ፊትና ኋላ እስከ መስመሩ ያለውን ለካ። ልዩነት ካለ ከአክሱሉ ኋላ በአንድ በኩል ቀጠን ያለ ሮንዴላ ቶርኖ ቤት አስወጣ። አጥፈህ ለማስተካከል ግን እንዳትሞክር፣ ባሌስትራ እንደሆነ ረሳህ?

ጥያቄ፦ ባሌስትራ ስለከበደኝ በመኪና የውስጥ ጎማ ላስቲክ እየጠመጠምኩ እንደ ድሮዎቹ አውሮፕላኖች ባደርገውስ? (ከገላን)

መልስ፦ ፓይፐር ከብ የምትባለው የድሮ ትንሽ አውሮፕላን በላስቲክ ነው የቆመችው፣ ስለዚ ነውር የለውም። የውስጥ ጎማ ግን አየር እንዲይዝ እንጂ እንዲለጠጥ አልተሰራም፣ የኛ ደጋ ፀሀይ ደግሞ ላስቲክ ይጨርሳል፣ ዘይት ከነካውማ አይጠየቅም። ለዚሁ የሚሰራ ባለ ጨርቅ ሽፋን ገመድ አለ፣ እሱን አስመጣ፣ ከፀሀይ ሸፍነው። ከሱም ጋር ላስቲኩ ቢበጠስ እግሩን የሚይዝ የብረት ገመድ ላላ አድርገህ እሰር። ያቺን ገመድ እንዳትተዋት።

ጥያቄ፦ የሚታጠፍ እግር ለመስራት እያሰብኩ ነው፣ ከመኪና መስታወት ሞተር ጋር። ተማሪ ነኝ፣ ቡራዩ።

መልስ፦ አይ። በ130 ለሚሄድ አውሮፕላን የምታተርፈው ፍጥነት ከምትጨምረው ክብደት አይበልጥም፣ ያውም መዘርጋት የሚረሳ እግር ነው። ሴስና 172 እንኳ ስንት አመት እግሩን ሳያጥፍ ነው የሚበረው። ሞተሩን ለፍላፕ፣ ለክንፉ ኋላ ታጣፊ ክፍል፣ ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ እግሩን በስንት ጊዜ ነው የማየው? ስንጥቅ ለማየትስ መሳሪያው ውድ ነው ይላሉ። (ከዱከም)

መልስ፦ ከእያንዳንዱ ጠንከር ያለ ማረፍ በኋላ ወዲያው፣ ያለዛም በየ25 ሰአቱ ብታየው እኔ ደስ ይለኛል። ክሪክ አስገብተህ ጎማውን አንሳ፣ ላይና ታች ይዘህ ወዝውዘው፣ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ነው። በእጅህ አሽከርክረውና ጆሮህን አስጠጋ፣ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለ ግራሶው ውስጥ አቧራ ገብቷል፣ ከላይ አዲስ ግራሶ መጨመር አቧራውን ማቡካት ነው፣ አውጥተህ እጠበውና እንደ አዲስ ሙላ።

ለስንጥቅ ቀዩ ቀለምና ነጩ ዱቄት ያለው ስፕሬይ ጥሩ ነው፣ ካጣህ ግን ላምባና ጠመኔ አለልህ፣ የድሮ መካኒክ ዘዴ ነው። ቀለሙን ከቡሎኑ ዙሪያ ልጠህ ብረቱን በደንብ አፅዳ፣ ላምባ ቀባውና ሩብ ሰአት ተወው፣ በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አርገህ ጥረገው፣ ከዛ የተፈጨ ጠመኔ በአልኮል አቅጥነህ ስስ አርገህ ቀባና ይድረቅ። አሁን አንድ ሁለት ጊዜ በጎማ መዶሻ እግሩን መታ መታ አድርገው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ላይ ይወጣና ነጩ ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ትሰራለች፣ ቡሎን ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ትጀምርና እንደ ፂም ወደ ውጪ ትሄዳለች። የጣት አሻራና የዘይት ጠብታ ይሰፋል እንጂ መስመር አይሰራም፣ እሱን ለይ።

ቡሎኖቹንም አንድ በአንድ አውጥተህ እይ፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ከሌለው ጣለው። ልሙጡ ክፍል ነው ሳህኑ ውስጥ መዋል ያለበት፣ ጥርሱ ከሆነ ሳህኑን እየበላ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል። እኔ ጋ ባለፈው ወር የመጣ ልጅ እግሩ «ትንሽ ይላላል» ብሎ ዳዶውን ሶስቴ አጥብቆታል፣ ስናወጣው ቀዳዳው እንቁላል ሆኗል፣ ቡሎኑ መሀል ላይ ቀጥኗል። ቀዳዳውን አስፍተን አንድ ልክ ከፍ ያለ ቡሎን ገባለት፣ ሳህኑ ተቀየረ፣ አሁን ቋ አይልም። ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ገና አልጨረሰም፣ ስለዚ አውሮፕላኑ እስካሁን ቆሞ ነው ያለው፣ ቢያንስ በጥሩ እግር።